ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ጀነሬተር ለምን አልነሳ ይላል?

መብራት ሳይጠፋ ሁለት ሦስት ወር ሲያልፍ ደስ ይላል። ጀነሬተሩም ከሱቁ ጀርባ ወይም ከጓሮው ጥግ አቧራ ለብሶ ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ግንቦት ሰኔ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት በጠናበት ሰዓት፣ መብራት ይሄዳል። ፍሪጁ ውስጥ ሥጋ አለ። ደንበኛ ተቀምጦ ይጠብቃል። ገመዱ ይሳባል፣ ደግሞ ይሳባል፤ ሞተሩ ግን ትንሽ ይንደቀደቅና ዝም ይላል። ባለቤቱም፣ "አቦ፣ ስናስቀምጠው እኮ ደህና ነበር!" ይላል።

ልክ ነው፣ ሲቀመጥ ደህና ነበር። የተበላሸው በተቀመጠበት ነው። ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተርን ከሥራ ብዛት ይልቅ ሥራ መፍታት ይጎዳዋል። ይህን የተረዳ ሰው በዓመት አንዴ ሁለቴ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሠርቶ የመካኒክ ወጪውን ይቀንሳል፣ በሚያስፈልገው ቀንም መብራት ያገኛል።

ከጀነሬተሩ ጋር በካርቶን የሚመጣውን መመሪያ ብትገልጡት፣ ማሽኑን ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ስለማስቀመጥ የሚናገር ክፍል ታገኛላችሁ። ያ ክፍል በዋናነት የታሰበው በረዶ ለሚጥልባቸው አገሮች ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና፣ ካምፐር የሚሉት፣ አለው። ብዙዎቹ ካምፐሮች በፕሮፔን ጋዝ ወይም በቤንዚን የሚሠራ ጀነሬተር ተገጥሞላቸዋል። ብርዱ ሲገባ መኪናው ይቆማል፤ ጀነሬተሩም ለወራት ሳይነሳ ይከርማል። የእኛ ሰው ታዲያ "እኛ ጋ በረዶ የለም" ብሎ ክፍሉን ይዘለዋል። እኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ መዘለል የሌለበት እሱ ነው እላለሁ። ስለ ብርድ የሚያወራው ጥቂቱ ብቻ ነው። አብዛኛው የሚያወራው ቆሞ ስለመክረም ነው፤ ቆሞ መክረም ደግሞ እዚህም አለ። እንዲያውም ለቤንዚን የድሬዳዋ ሙቀት ከእነሱ ብርድ የባሰ ጠላት ነው።

መጀመሪያ የሚሞተው ቤንዚኑ ነው

ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከነዚህ ውስጥ ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ። ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ስላለው ቀላሎቹ ቀስ በቀስ ሾልከው ይወጣሉ። የቀረው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይወፍራል። በመጨረሻ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። ሽታውም ይለወጣል፤ አፍንጫ የሚሰረስረው የአዲስ ቤንዚን ሽታ ይጠፋና የቆየ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መሽተት ይጀምራል። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። የትንንሽ ሞተር አምራቾች ቤንዚን በ30 ቀን ውስጥ እንኳ መበላሸት ሊጀምር እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቀን ቀን እንደ ምድጃ በሚግል ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ታንክማ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ዝቃጩ ታንኩ ውስጥ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ችግሩ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር ከሥሩ ቤንዚን የምታጠራቅም ትንሽ ቋት አለችው። ቤንዚኑ ከዚያች ቋት ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጂግለር በሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ በተሠራ ቀጭን ቀዳዳ በኩል ነው። የቀዳዳው ስፋት በትንንሽ ጀነሬተሮች ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ቤንዚን የሚመግበው ሌላኛው ቀዳዳ ደግሞ ከዚህም ይጠባል። ቋቷ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ቤንዚን ስትደርቅ ዝቃጩ መጥቶ የሚቀመጠው እነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ባይደፍናቸው እንኳ ያጠባቸዋል፤ ያ ይበቃል።

ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው። ጀነሬተሩ የአየር መግቢያውን የሚያጠበው ቾክ ሲሳብ ብቻ ይሠራል፤ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ወይም ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አምፖሉም አብሮት ይደምቃል ይደበዝዛል። ይህን ያየ ሰው ቶሎ "ሞተሩ አለቀለት" ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ነዳጅ አልደርስ ብሎት ነው። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል፣ ይገጠማል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ጂግለሩን በሽቦ ወይም በመርፌ አታስጎርጉሩት። ነሐስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ መፍትሔውም አዲስ መግዛት ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ላለመድረስ ምን ይደረግ? ጀነሬተሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑን አውጡ። ሞተሩና የጭስ ማውጫው ማርሚታ በደንብ ይቀዝቅዙ። ከሰል ምድጃ፣ ሲጋራ፣ የዕጣን ማጨሻ አጠገብ አይኑር፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። ታንኩን በቱቦ ስታወርዱ ቱቦውን በአፍ አትሳቡ። ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያደርገዋል። ነገር ግን ወደ ሳንባ የገባች ትንሽ ቤንዚን እንኳ ሆስፒታል የሚያደርስ ጉዳት ታመጣለች። በእጅ የሚጨመቅ ፓምፕ ርካሽ ነው፤ እሱ ከሌለ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ነቅሎ ወደ ጀሪካን ማፍሰስ ይቻላል።

ታንኩ ከጎደለ በኋላ ጎማውን መልሳችሁ፣ ጀነሬተሩን ውጭ አውጥታችሁ አስነሡትና በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ተዉት። ከዚያ ከቋቷ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ፈታ አድርጋችሁ የቀረችውን ጠብታ አፍስሱ። ይህቺ የመጨረሻዋ ሥራ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። የሚዘልላት ግን ብዙ ነው፤ ካርቡሬተር የሚደፍነው ደግሞ ያቺ ጠብታ ናት።

ቤንዚን ተሰልፎ በሚገዛበት ጊዜ ይህን ማድረግ አንጀት እንደማያስችል አውቃለሁ። ግን የሚደፋ ነገር የለም። ያወጣችሁት ገና አዲስ ከሆነ ባጃጅ ወይም መኪና ላይ ከሌላ ቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። ታንኩን ግማሽ አድርጎ መተው ከሁሉም የከፋ ነው፦ ባዶው ቦታ አየር ይይዛል፣ ቤንዚኑ ቶሎ ያረጃል፣ የብረት ታንክ ከሆነም ዝገት ይጀምረዋል። የቤንዚን ማቆያ ኬሚካል ካገኛችሁ አዲስ ቤንዚን ላይ ጨምራችሁ፣ ታንኩን ሞልታችሁ፣ ድብልቁ ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲገባ ሞተሩን ለአሥር ደቂቃ ማስነሳት ሌላው መንገድ ነው። ኬሚካሉ ግን ያረጀ ቤንዚን አያድስም።

ዘይት፣ ካንዴላና አንድ ማንኪያ

የሠራ የሞተር ዘይት ንጹሕ አይደለም። ከቃጠሎው የመጣ ጥላሸት፣ ውሃና አሲድ ተቀላቅሎበታል። ሞተሩ ቆሞ ሲከርም ይህ ድብልቅ ብረቱ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ ዘይት የሚቀየረው ከማስቀመጥ በፊት ነው፤ "ሲነሳ እቀይረዋለሁ" ማለት ጥቅሙን ያስቀራል። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ቢፈስ ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል። በተለምዶ አዲስ ጀነሬተር የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየርለታል። ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ትንንሾቹ ቢበዛ አንድ ሊትር ገደማ ነው የሚወስዱት።

የዘይቱ ዓይነት ላይ ግን የካምፐር ባለቤቶቹን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። እነሱ በብርድ የማይወፍር፣ 5ደብሊው-30 የተባለ ቀጭን ዘይት ይመርጣሉ፤ ከዜሮ በታች ወፍራም ዘይት ሞተሩን ስለሚያስረው። አንዳንድ የትንንሽ ሞተር አምራቾች ደግሞ 10ደብሊው-30 እንኳ ከ27 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት ዘይት ያስበላል ብለው ይጽፋሉ። ለድሬዳዋ ኤስኤኢ 30 ይሻላል፤ መመሪያችሁ የሚፈቅደው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ እንምጣ። እዚህ ቀስ እንበል፤ የሚያስፈልገው አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ቢሆንም ብዙ ሞተር ያተርፋል። ሞተር ሲቆም የሲሊንደሩን ግድግዳ የለበሰው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ብረቱ እርቃኑን ይቀራል። እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፤ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስተኑ ቀለበቶችም ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ በሚበዛባት ሐረር ይህ ከድሬዳዋ ይበልጥ ያሰጋል።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፍቱ። በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ማብሪያው መጥፋቱን አረጋግጡና ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኑት፤ ዘይቱ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ገመዱን አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ዘይቱ ግድግዳውን ያዳርሳል። ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ለአብዛኞቹ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላውን በእጅ ግጠሙና ገመዱን አንድ ጊዜ እንደገና፣ በጣም በዝግታ፣ ሳቡት። የሆነ ቦታ ላይ ይከብዳችኋል። እዚያው ተዉት። ያ ክብደት ፒስተኑ አየሩን እየጨመቀ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ማለት ነው። በዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሲሊንደር እርጥብ አየር አያስገባም።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ ጀነሬተር

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወጥታችሁ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፋችሁ ሐረር ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። እንደ ደንቡ በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 3 ኪሎዋት የተባለው ድሬዳዋ ላይ 2.6፣ ሐረር ላይ 2.3 ገደማ ነው። ይህ ከማስቀመጥ ጋር የሚገናኘው በካንዴላው በኩል ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዝቶ ይቃጠላል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሐረር የሚሠራ ጀነሬተር ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ይታይለት። አንዳንድ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠሩ ማሽኖች ሌላ ጂግለር ያዘጋጃሉ።

በጋዝ የሚሠራ ከሆነስ?

በቤንዚንም በማብሰያ ጋዝም የሚሠሩ ጀነሬተሮች አሉ። ለመቀመጥ ጋዝ የተሻለ ነው። የማብሰያ ጋዝ የሚሠራባቸው ፕሮፔንም ሆነ ቡቴን በብረት ጠርሙሱ፣ ማለትም በጋዝ ሲሊንደሩ፣ ውስጥ አያረጁም፣ ዝቃጭ አይሠሩም፣ ካርቡሬተር አይደፍኑም። ካምፐር ያላቸው ሰዎች የሚጨነቁት በሌላ ነገር ነው። ፈሳሹ ጋዝ የሚሆነው ሙቀት ሲያገኝ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ያቆማል። በበረዶ አገር ቡቴን የበዛበት ጋዝ ጀነሬተር አያስነሳም። ይህ ስጋት የሐረርም ሌሊት የድሬዳዋም አይደለም። እኛ ጋ ሊታይ የሚችለው ሌላ ነው፦ ትንሽ ጠርሙስ ለትልቅ ጀነሬተር ሲሰካ ጋዙ በፍጥነት ስለሚተን ጠርሙሱ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይዳከማል።

የእኛ ስጋት ፀሐይ ነው። ጠርሙሱ ሲግል የውስጡ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ቁሞ፣ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይበንንም። ከማስቀመጣችሁ በፊት ሞተሩ እየሠራ የጠርሙሱን መዝጊያ ዝጉና ቱቦው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ ይለቅ። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። የዘይቱ፣ የማንኪያውና የካንዴላው ጉዳይ ግን ለጋዙም ጀነሬተር ያው ነው።

ሞተሩ ይነሳል፣ መብራት ግን የለም

ይህም ከመቀመጥ ይመጣል። ብዙ ተራ ጀነሬተሮች ኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚጀምሩት በዲናሟቸው ብረት ውስጥ በቀረች ደካማ የማግኔት ኃይል ነው። ለወራት ሲቀመጡ ያቺ ኃይል ልትጠፋ ትችላለች። ሞተሩ አሳምሮ ይሠራል፤ ሶኬቱ ላይ ግን 220 ቮልት ቀርቶ አምስት ቮልት የለም። ባለቤቱ ዲናሞው ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። ኤሌክትሪሻን በ12 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ቀስቅሶ የማግኔት ኃይሉን ይመልሰዋል። እቤት አትሞክሩት፤ ሥራው ቀላል ቢሆንም ሞተሩ እየሠራ ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት ዓይነቶች ቋሚ ማግኔት ስላላቸው ይህ አይገጥማቸውም። ዲናሞው ተቃጥሏል ተብሎ አዲስ ከመገዛቱ በፊት ግን ይህ መሞከሩን ጠይቁ።

በቁልፍ የሚነሳ ከሆነ ባትሪም አለው። በበረዶ አገር የተዳከመ ባትሪ ውስጡ በረዶ ሠርቶ ይሰነጠቃል። እዚህ ሙቀቱ ነው የሚጨርሰው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ባትሪ ሳይነካ የሚያጣው ኃይል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ሲደርስ ቻርጅ ይደረግ።

የት ይቀመጥ?

የድሬዳዋ አቧራ ደቃቅ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ነፋሱ የሚያነሳው አሸዋ በየቀዳዳው ይገባል። የስፖንጅ አየር ማጣሪያውን በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጥባችሁ ጨምቁት። ማርሚታው ከቀዘቀዘ በኋላ አፉን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ተርብና አይጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይወዳሉ። ጨርቁ ደማቅ ቀለም ይኑረው፤ ሳይነሳ እንዳይረሳ። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል። ሻሽ ወይም የቆየ አንሶላ ይበቃዋል።

ከማስቀመጥ የሚሻል ነገርም አለ፦ በወር አንዴ ማሠራት። ኦናን የተባለው የካምፐር ጀነሬተር በወር ሁለት ሰዓት ያህል፣ በግማሽ ጭነት እንዲሠራ አምራቹ ይመክራል። የዲናሞው እርጥበት ይደርቃል፣ ዘይቱ ይዳረሳል፣ ካርቡሬተሩ አዲስ ቤንዚን ያገኛል። ነዳጁን ለሚቆጥብ ሰው ግማሽ ሰዓትም ከምንም ይሻላል። ዋናው ጭነት መኖሩ ነው፤ ባዶውን ማንደቅደቅ ጥላሸት ያተርፋል እንጂ በደንብ አያሞቀውም። ለ3 ኪሎዋት ጀነሬተር አንድ የውሃ ማፍያና ጥቂት አምፖል ጥሩ ጭነት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን አትሰኩበት፤ ብቻውን 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሱቅ ይህን ይምረጥ። ለሠርግ ብቻ የሚወጣ ወይም ባለቤቱ አገር ጥሎ የሚሄድበት ጀነሬተር ግን ቤንዚኑ ይፍሰስለት።

ስታሠሩት ሁልጊዜ ውጭ ይሁን። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። በር ከፍቶ በረንዳ ላይ ማስነሳት መፍትሔ አይደለም። ከመስኮትና ከበር 6 ሜትር ያህል ይራቅ፤ የጭስ ማውጫው ወደ ቤት አይዙር። ጀጎል ውስጥ ግቢው ጠባብ ነው፣ የአንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው። እዚያ የጎረቤት መስኮትም ይታሰብ። ቦታ ከሌለ ጀነሬተር ይቅር፤ ባትሪና ሶላር ይሻላል።

ጀነሬተሩ ከርሞ ሲነሳ

የማርሚታውን ጨርቅ አንሡ። የዘይቱን ልክ እዩ። አዲስ ቤንዚን ጨምሩና የነዳጁን መዝጊያ ከፍታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቋቷ እስክትሞላ ገመድ መሳብ ድካም ብቻ ነው። ጎማውና መጋጠሚያው ጋ ጠብታ ካለ አታስነሡት። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ነጣ ወይም ሰማያዊ ያለ ጭስ ይወጣል። አትደንግጡ፤ በማንኪያ የጨመራችሁት ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጭሱ እስኪጠራ፣ ድምፁም እስኪረጋ ምንም ሳትሰኩበት ተዉት። ከዚያ መጀመሪያ አንድ አምፖል፣ ቀጥሎ ማራገቢያ፣ መጨረሻ ላይ ፍሪጁ ይሰካ።